ስለ ላቦራቶሪ ካቢኔቶች ንግድ፤ ክፍል ማለት ደረጃ ማለት አይደለም

አንድ አስመጪ የንግድ ቤት ከሆስፒታል ወይም ከዩኒቨርሲቲ የዋጋ መጠየቂያ ሲደርሰው በዝርዝሩ መካከል «የላቦራቶሪ ካቢኔት፣ ባለመስታወት፣ ባለማራገቢያ፣ ብዛት 2» የሚል አንድ መስመር ያገኛል። ከመስመሩ በላይ ያለው ማይክሮስኮፕ ነው፤ በታች ያለው ማቀዝቀዣ ነው። የንግድ ቤቱ ጸሐፊ መስመሩን እንዳለ ገልብጦ ወደ ውጭ አገር ይልካል። ፋብሪካዎቹም የአራት ወይም የአምስት ዓይነት ዕቃ ሥዕልና ዋጋ ይመልሳሉ። ሥዕሎቹ ሁሉ ነጭ ቁም ሣጥን የሚመስሉ፣ በፊታቸው መስታወት የተገጠመላቸው፣ በውስጣቸው መብራት ያላቸው ናቸው፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ይለያያል። እንግዲህ ከነዚህ ውስጥ ርካሹ ይመረጥና ፕሮፎርማው ይጻፋል፤ ጨረታውም ይገኛል። ስሕተቱ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሻጩም ገዢውም ሳይሆን ከዚያ መስታወት ፊት ተቀምጦ የሚውለው ሠራተኛ ነው።

የዕቃው ሙሉ ስም ባዮሎጂካል ሴፍቲ ካቢኔት ነው፤ የላቦራቶሪ ሰዎች አሳጥረው ሴፍቲ ካቢኔት ይሉታል። በሽታ አምጪ ጀርም ያለበት ናሙና ሲከፈት፣ ሲበጠበጥ ወይም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ በዓይን የማይታይ ርጭት ወደ አየር ይወጣል። ካቢኔቱ ይህን ርጭት ወደ ሠራተኛው አፍንጫ ሳይደርስ በአየር ጉዞ ይዞ በማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። ነገሩ የሚናቅ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ቁጥር አለ። ፓይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በላቦራቶሪ ሥራ ምክንያት የደረሱ 3921 የበሽታ አጋጣሚዎችን ሰብስቦ ነበር። ከነዚህ ውስጥ መርፌ መውጋት፣ ብርጭቆ መሰበር ወይም ሌላ የታወቀ አደጋ ምክንያት ሆኖ የተገኘው ከመቶ ሃያ በማይሞላው ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሠራተኞች መቼና በምን እንደ ተያዙ ራሳቸውም አላወቁም።

በኢትዮጵያም ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ላለው ጊዜ ባወጣው መዝገብ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከጸናባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። የነቀርሳን ጀርም ከአክታ አውጥቶ በማብቀያ ምግብ ላይ ማሳደግ፣ መድኃኒት የሚያሸንፈው መሆን አለመሆኑንም መመርመር የዘወትር ሥራ ሆኗል። በ2012 ዓ. ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገሪቱ ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ የምርመራ ሥራ በየክልሉ ስለ ተስፋፋ፣ ቀድሞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁት የነበረው ካቢኔት የብዙ አስመጪዎች ሸቀጥ ሆነ። ሸቀጡ ቢበዛም ስለ ሸቀጡ ያለው ዕውቀት በዚያው ልክ አልበዛም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሦስት ዕቃዎች በመልክ እንደ መንታ ልጆች የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። አንደኛው ፊዩም ሁድ የሚባለው የኬሚካል ጭስ ማውጫ ነው። ይህ የአሲድንና የመሳሰለውን ትነት በቱቦ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ እንደ ደንቡ የጀርም ማጣሪያ የለውም፤ ጀርም ቢከፈትበት በቱቦው በኩል ወደ ሰፈሩ ይለቀዋል። ሁለተኛው ላሚናር ፍሎው የሚባለው የንጹሕ አየር ጠረጴዛ ነው። ይህ አየሩን አጣርቶ በሥራው ላይ ይነፋል፤ ያም አየር ሥራውን አልፎ በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ፊት ይመጣል። የሙዝ ወይም የድንች ችግኝ በጠርሙስ ውስጥ ለሚያባዛ የእርሻ ምርምር ቤት ይህ ጠረጴዛ ተገቢ ዕቃ ነው፤ የሚፈለገው ችግኙ እንዳይበላሽ ብቻ ነውና። የነቀርሳ አክታ ለሚከፍት ሰው ግን ጀርሙን አንሥቶ በፊቱ ላይ እንደ መርጨት ነው። ሦስተኛው እውነተኛው ሴፍቲ ካቢኔት ነው።

የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ አንዳንድ ባለሱቆች ሁለተኛውን ዕቃ በሦስተኛው ስም «ካቢኔት» እያሉ ይሸጡታል። በተንኰል ሳይሆን ባለማወቅ መሆኑ አይጠረጠርም፤ ገዢውም የሚያየው ነጭ ቀለሙንና መስታወቱን ነው። ባለሱቁ ግን በአንድ ደቂቃ ሊለያቸው ይችላል። ማራገቢያውን ከፍቶ ቀጭን የሶፍት ወረቀት ቁራጭ ከመስታወቱ ሥር ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይያዝ። ወረቀቱ ወደ ሰው ከተነፈሰ ዕቃው የንጹሕ አየር ጠረጴዛ ነው፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ካቢኔት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል የሚባለው የጭስ ማውጫውም ወደ ውስጥ ስለሚስብ ነው፤ ማጣሪያ ያለው መሆኑ በሰነዱ መታየት አለበት።

ማጣሪያውስ ምንድን ነው? ሄፓ የሚባለው ይህ ማጣሪያ እንደ ወረቀት ሆኖ የተሠራ፣ ደጋግሞ የታጠፈ የመስታወት ጭረት ነው። የሚሊሜትር ሺህኛ ክፍል አንድ ማይክሮን ከተባለ፣ ይህ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ ከመቶ 99.97 እጅ ይይዛል። ይህ መጠን የተመረጠው ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውንም የሚያንሰውንም ማጣሪያው የበለጠ ይይዘዋል። ጋዝንና የኬሚካል ትነትን ግን ከቶ አይዝም። አመጣጡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአቶም ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ጨረር ያለበትን ብናኝ ለመያዝ ተገለገሉበት። ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜሪላንድ ካምፕ ዴትሪክ አደገኛ ጀርም ይመረመር ስለ ነበረ፣ የተዘጋው ካቢኔት በዚያ አደገ። ቆይቶም ዊሊስ ዊትፊልድ የተባለ የሳንዲያ ላቦራቶሪ ባለሙያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አየር በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ንጹሕ ክፍል ፈለሰፈ። ሠራተኛውንም ሥራውንም በአንድነት የሚጠብቀው የዛሬው ካቢኔት የነዚህ ሁለት ሐሳቦች ልጅ ነው።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንመለስ። ካቢኔቶች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ተብለው ይጠራሉ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ኤ 1፣ ኤ 2፣ ቢ 1፣ ቢ 2 እየተባለ ይከፈላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደንብ ሲ 1 የሚባል ተጨምሮበታል። ነጋዴው ይህን ሲያይ የለመደውን ያስባል። ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ይባላል፤ ቡናም አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል፤ ቁጥሩ የጥራት ምልክት ነው። ስለዚህ አንዱ «አንደኛ ክፍል ከሁሉ የተሻለ ነው» ብሎ ያቀርባል፤ ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ሲያድግ ጥራቱ ያድጋል ብሎ ሦስተኛውን ያስጠይቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በካቢኔት ነገር ክፍል ማለት የጥራት ደረጃ ሳይሆን ዕቃው የሚጠብቀውን ነገር የሚገልጽ የሥራ ድርሻ ነው።

አንደኛው ክፍል አየርን ከክፍሉ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በአሜሪካ ልክ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.38 ሜትር ነው። ሲወጣም በማጣሪያ ያሳልፈዋል። ሠራተኛውንና አካባቢውን ይጠብቃል፤ ሥራውን ግን አይጠብቅም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር የክፍሉ ያልተጣራ አየር ነውና። ጀርም የያዘ ዕቃ ለሚጠረግበት ወይም ናሙና ለሚፈጭበት ሥራ ይበቃል። ጀርም ለማብቀል ግን አይመችም፤ የክፍሉ ሻጋታ ገብቶ ያበላሸዋልና። ሦስተኛው ክፍል በአንጻሩ አየር የማያሳልፍ የተዘጋ ሣጥን ነው። ሠራተኛው እጁን የሚያስገባው በሣጥኑ ግድግዳ ላይ በተጣበቁ ረጃጅም የላስቲክ ጓንቶች ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም አየር በሁለት ሄፓ ማጣሪያዎች በተከታታይ ያልፋል። ይህ እንደ ኢቦላ ላሉት ጀርሞች የሚሆን ነው። ለአንድ የወረዳ ሆስፒታል ይህን ማቅረብ ለቤት ጓዳ የባንክ ካዝና በር እንደ መግጠም ይቆጠራል።

የንግዱ ትልቁ ክፍል ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ክርክሩም እዚያው ነው። በዚህ ክፍል አየር በፊት ለፊት ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ይህ ሠራተኛውን ይጠብቃል። ከላይ ደግሞ የተጣራ አየር በሥራው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ይህ ሥራውን ይጠብቃል። የሚወጣውም ይጣራል፤ ይህ አካባቢውን ይጠብቃል። በኤ 2 የሚሳበው አየር በሰከንድ 0.51 ሜትር ነው። በውስጡም ካለው አየር ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ተጣርቶ ተመልሶ በሥራው ላይ ይወርዳል፤ 30 እጅ ያህሉ ተጣርቶ ይወጣል። የተጣራ ስለ ሆነ ወደ ክፍሉ ቢመለስም ጉዳት የለውም፤ ቱቦም አያሻውም። የነቀርሳና የመሳሰለው በሽታ ምርመራ ቤት በተገቢ ክፍል ውስጥ ሲሆን በዚህ ዕቃ ይሠራል።

ቢ 2 ግን ከሚስበው አየር ምንም አይመልስም፤ ሁሉንም አጣርቶ በቱቦ ከሕንፃው ያስወጣዋል። ይህ የተሠራው ከጀርም ጋር መርዛማ ትነት ያለው ኬሚካል ለሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች ነው፤ ሄፓ ትነትን እንደማይዝ ከላይ ተነግሯል። ታዲያ ብዙ የጨረታ ሰነዶች ኬሚካል በሌለበት ሥራ «ቢ 2 ይሁን» የሚሉት ስለ ምንድን ነው? ሁሉንም አየር ያስወጣል መባሉ ደኅንነቱ የበለጠ ስለሚመስል፣ ሻጩም ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ባለመቃወሙ ነው። የሚከተለውን ግን ማንም አይጽፈውም። ቢ 2 አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ1000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ከክፍሉ ስቦ ያወጣል። ያን ያህል አየር ከሌላ ቦታ ወደ ክፍሉ ካልገባ በሩ ለመክፈት ያስቸግራል፤ ካቢኔቱም አየር ያጣል። በጣራው ላይ ራሱን የቻለ ትልቅ ማራገቢያ መተከል አለበት። ያም ማራገቢያ በቆመ ጊዜ ካቢኔቱ ደወል ደውሎ ሥራውን ማቋረጥ አለበት። ይህ ሁሉ ግንባታ በፕሮፎርማው ውስጥ የለም። ስለ ሆነም ውድ የሆነው ዕቃ ደርሶ፣ ቱቦ የሚሠራ ገንዘብ ሳይገኝ፣ ሣጥኑ በመተላለፊያ ላይ ቆሞ የካርቶን ማስቀመጫ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቱቦ ሳይኖረው የሚሠራበት ነው።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። ኤ 2 የገዛ አንድ ገዢ አየሩ ወደ ክፍሉ መመለሱን ፈርቶ በቆርቆሮ ቱቦ አጥብቆ ከጣራ ጋር ያስረዋል። የአሜሪካ ደንብ ይህን አይፈቅድም፤ በጣራው ላይ ያለው ነፋስ የካቢኔቱን የአየር ሚዛን ያዛባዋልና። ወደ ውጭ ማስወጣት ካስፈለገ በካቢኔቱ ራስ ላይ እንደ ባርኔጣ ሆኖ ጥቂት ክፍተት የተተወለት መቀበያ ይደረጋል።

የመለያ ጽሑፉም ነጋዴውን ያደናግረዋል። የአሜሪካው ደንብ ኤን ኤስ ኤፍ 49 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በኤና በቢ ፊደል የሚከፍለው ይህ ነው፤ የቻይናውም ደንብ በፊደል የመክፈልን መንገድ ተከትሏል። የአውሮፓው ደንብ ኢ ኤን 12469 ግን በ2000 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለተኛ ክፍል ብሎ ይጠራል እንጂ ፊደል አይጨምርም፤ የሚጠይቀውም የመሳቢያ ፍጥነት ቢያንስ በሰከንድ 0.40 ሜትር ነው። ከጀርመን ወይም ከጣልያን የመጣ ጥሩ ዕቃ «ኤ 2 የሚል ጽሑፍ የለውም» ተብሎ ከጨረታ ሊወድቅ ይችላል። ፊደሉ በጉልህ የተጻፈበት፣ የሙከራ ሰነድ ግን የሌለው ዕቃ ደግሞ ሊያልፍ ይችላል። አስመጪው ከፋብሪካው ማስመጣት ያለበት የተሸጠውን ሣጥን ተከታታይ ቁጥር የያዘ የሙከራ ወረቀት ነው። ፊደሉን ማንም ያትመዋል።

በጉምሩክም በኩል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የዕቃዎች መለያ መዝገብ፣ አየር የማያሳልፉ የባዮሎጂካል ሴፍቲ ካቢኔቶች ቁጥር 8414.70 የሚል የራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ልብ መባል ያለበት «አየር የማያሳልፉ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ሦስተኛውን ክፍል ይመለከታል። ፊቱ ክፍት የሆነው ሁለተኛው ክፍል ስሙ ሴፍቲ ካቢኔት ስለ ሆነ ብቻ በዚህ ቁጥር ሊገባ አይገባም። የባንኩ ሰነድ አንድ ስም፣ የፋብሪካው ደረሰኝ ሌላ ስም፣ የጉምሩክ መግለጫው ሦስተኛ ስም ከያዘ ዕቃው በመጋዘን ሲቆይ የሚቈጠረው ኪራይ የነጋዴው ነው። ገና ፕሮፎርማው ሲጻፍ ክፍሉን፣ ዓይነቱንና የሚከተለውን ደንብ በአንድ መስመር አሟልቶ መጻፍ ለጸሐፊው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለካቢኔት ምርመራ ከሚያገለግሉት የነፋስ ፍጥነት መለኪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በጋለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ አየሩ ሽቦውን ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው ይለካሉ። የሳሳ አየር ግን በዚያው ፍጥነት ቢሄድም የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። ስለዚህ መለኪያው ለከፍታው ካልታረመ፣ በእውነት 0.51 የሆነውን ፍጥነት 0.38 ገደማ አድርጎ ያሳየዋል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ካቢኔቱ ደከመ ብሎ ማራገቢያውን ያስሮጠዋል። አየሩ ከልኩ በላይ ሲሮጥ ከክፍሉ የሚሳበው ያልተጣራ አየር ከፊተኛው መሳቢያ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ሥራው ሊደርስ ይችላል፤ ሞተሩም ያለ ጊዜው ያልቃል። ለደብረ ብርሃን የሚሸጥ ዕቃ ከአዲስ አበባው የበለጠ እርማት ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ያለ ፋብሪካ ይህን በራሱ አያስበውም፤ የሚተከልበትን ከፍታ በትእዛዙ ላይ የሚጽፍለት አስመጪው ነው።

መብራቱም እንዲሁ ነው። ለአሜሪካ 115 ቮልትና 60 ሄርትዝ የተሠራ ዕቃ ለኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርትዙን አይለውጥም፤ ተራ ሞተር ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካቢኔት ጨርሶ ካቢኔት መሆኑ ይቀራል፤ የሚጠብቀው የአየሩ ጉዞ ነውና። ቢያንስ ሠራተኛው የከፈተውን ናሙና ዘግቶ እስኪነሣ ድረስ ማራገቢያውን የሚያቆይ የባትሪ መጠባበቂያ አብሮ መቅረብ አለበት።

ቡና በተፈላበት ቤት የዕጣን ጢስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያየ ሰው፣ አንድ ልጅ በአጠገቡ ሮጦ ሲያልፍ ጢሱ እንዴት እንደሚበታተን ያውቃል። በካቢኔቱ ፊት ያለው የአየር መጋረጃ ከዚያ ብዙ የጠነከረ አይደለም። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል፤ ሰው ግን በተለመደ አረማመዱ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ካቢኔት በበር አጠገብ፣ በመስኮት ሥር ወይም ሰው በሚመላለስበት መተላለፊያ አይተከልም። በውስጡም የጋዝ እሳት አይነድም፤ የሚወጣው ሙቀት የሚወርደውን አየር ይበጠብጠዋል። ገዢዎች አጥብቀው የሚጠይቁት ሐምራዊው የአልትራቫዮሌት መብራትም ከሚገባው በላይ ተከብሯል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች የላቦራቶሪ ደኅንነት መመሪያ ይህን መብራት አይመክርም፤ አስፈላጊ ነውም አይልም። አቧራ ሲሸፍነው ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሰማያዊ ብርሃኑ እየበራ ጀርም መግደሉን ሊያቆም ይችላል። እንግዲህ ለመብራቱ ተጨማሪ ዋጋ እየተከፈለ ለዓመታዊ ምርመራ ገንዘብ የለም መባሉ የሚያሳዝን ነው።

ዋናው ጉዳይም ይህ ዓመታዊ ምርመራ ነው። ካቢኔት በተተከለ ጊዜ፣ ከቦታው በተነሣ ጊዜ፣ ማጣሪያው በተለወጠ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ባይሆንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። የአየሩ ፍጥነት ይለካል፤ በማጣሪያው ላይ የዘይት ጉም ተለቅቆ የሚያፈስ ቀዳዳ ይፈለጋል፤ በፊት ለፊት ጢስ ተለቅቆ አካሄዱ ይታያል። ማጣሪያው ከመለወጡ በፊት ደግሞ ካቢኔቱ ታሽጎ በፎርማሊን ጋዝ ወይም በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ትነት ይታጠናል፤ የዓመታት ጀርም የተከማቸው በዚያ ነውና። ያገለገለ ካቢኔት ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴም ካለ፣ የመታጠኑን ወረቀት ሳያይ በጭነት መኪና ላይ እንዲወጣ ማድረግ የለበትም። የሚሸከሙት ወዛደሮች ምን እንደ ተሸከሙ አያውቁም።

አንዳንድ ነጋዴዎች ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው። ነጋዴ ሐኪም አይደለም፤ ጨረታው የጠየቀውን ማቅረብ ብቻ ነው ይላሉ፤ ዕቃው ከተረከበና ፊርማ ካረፈበት በኋላ ያለው የገዢው ጉዳይ ነው ይላሉ። ከዚህም ሌላ፣ ምርመራውንና ትርፍ ማጣሪያውን በዋጋው ውስጥ ያስገባ ተወዳዳሪ ባላስገባው ይሸነፋል ይላሉ። የመጨረሻው አነጋገር እውነት ያለበት ስለ ሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጨረታ ኮሚቴ የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ነው፤ ሐቀኛው ሻጭ በሐቀኝነቱ ምክንያት ሲወድቅ ታይቷል። የመጀመሪያው ግን አያስኬድም። የጭነት መኪና የሚሸጥ ቤት ፍሬን ይሠራ እንደ ሆነ አላውቅም፣ ሾፌር አይደለሁም ሊል አይችልም። ካቢኔትም ማራገቢያው እየጮኸ፣ መብራቱ እየበራ፣ ማጣሪያው ተቀዶ ለዓመታት ሊቆም ይችላል። መኪና ፍሬኑ ሲበላሽ ሾፌሩ ያውቀዋል፤ ይህኛው ሲበላሽ ግን ሠራተኛው የሚያውቀው ሲያስለው ነው።

ላኪዎችም ነገሩ የአስመጪዎች ብቻ ነው ብለው እንዳያልፉት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በየጊዜው በሚያሻሽለው የድንበር ቁጥጥር ደንብ፣ የኢትዮጵያ ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት ጠበቅ ያለ ምርመራ ከሚደረግባቸው ዕቃዎች መካከል ተመዝግቧል። ላኪው ሰሊጡን ከመጫኑ በፊት የሚያስመረምርበት ላቦራቶሪ ጀርሙን የሚያሳድገው በማብቀያ ምግብ ውስጥ ነው። የሥራው ቦታ ንጹሕ ካልሆነ የአንዱ ናሙና ጀርም ወደ ሌላው ተሻግሮ ንጹሑ ጭነት ርኩስ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሥራውን የሚጠብቀው የሁለተኛው ክፍል ካቢኔት በዚህ በኩል የላኪውም ጠባቂ ነው።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ከአቅም በላይ አይደለም። ዋጋ ከመሰጠቱ በፊት አስመጪው ለገዢው የሚልካት አንዲት አጭር ደብዳቤ ትኑር፤ በውስጧም ምን ዓይነት ጀርም እንደሚከፈት፣ ትነት ያለው ኬሚካል አብሮ እንዳለ፣ ክፍሉ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነና በሩም ስንት ሴንቲሜትር እንደሚከፈት ይጠየቅ። ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በበር አልገባ ብሎ ግድግዳ ያስፈረሰ ዕቃ ነው። በፕሮፎርማውም ላይ የካቢኔቱ ዋጋ፣ የመትከያውና የመጀመሪያው ምርመራ ዋጋ፣ የሦስት ዓመት ምርመራ ዋጋ፣ የትርፍ ማጣሪያ ዋጋ በየመስመሩ ተለይቶ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን ኮሚቴው ካቢኔትን ከካቢኔት፣ አገልግሎትን ከአገልግሎት ጋር ያወዳድራል እንጂ ምርመራ ያለውን ከሌለው ጋር በአንድ ድምር አይመዝንም።

የምርመራው መሣሪያ ውድ መሆኑ፣ መርማሪውንም ማሠልጠን ገንዘብ መፈለጉ አይካድም። አንድ የንግድ ቤት በዓመት ጥቂት ካቢኔት ሸጦ ይህን ለብቻው ሊሸከም አይችልም። ነገር ግን ይህን ዕቃ የሚያስመጡ አራት ወይም አምስት ቤቶች በንግድ ምክር ቤቱ አማካይነት ተስማምተው አንድ የመሣሪያ ሣጥንና ሁለት የሠለጠኑ መርማሪዎች በጋራ ቢይዙ፣ እያንዳንዱ የሸጠውን ለማስመርመር የድርሻውን ቢከፍል፣ ወጪው የሚቻል ይሆናል። ጊዜውም የተመቸ አለ። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪ ሥራ ቀዝቀዝ ስለሚል መርማሪዎቹ ያን ጊዜ በየከተማው ዞረው፣ ያዩትን ካቢኔት ሁሉ ቀኑንና ውጤቱን በሚገልጽ ወረቀት በግንባሩ ላይ ለጥፈው ሊመለሱ ይችላሉ።